በባላ የተደገፈው ዋርካ

ጡረታ አልወጣሁም። ጠጉሬ አልሸበተም፤ የስንብት ሽልማትም አልተሰጠኝም። ግን አንድ ሥራ ነበረኝ፤ ተዘጋ፤ ዳግመኛም አይከፈትም። እንዲህ ያለው ነገር የሥራ ዘመን ትዝታ የማያስጽፍ ከሆነ ምን እንደሚያስጽፍ አላውቅም። እስካረጅ ልጠብቅ ብል ደግሞ መጠበቅ አልችልበትም።

ይህን የምጽፈው መራዊ፣ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጬ ነው። ስኳር እመዝናለሁ፣ ሳሙና አድላለሁ። ከኋላዬ ግድግዳ፣ ከፊቴ ሰልፍ። የሰልፈኛው ዓይን ከእጄ አይነቀልም፤ ሚዛኑን በጣቴ የምጫነው ይመስለዋል። ባሕር ዳር ሳለሁ እንዲህ አልነበረም። እጄን ወደ ላይ ስቀስር ሰው ሁሉ አብሮኝ ያንጋጥጥ ነበር። የማሳየው ቅርንጫፍ ነበረኛ!

አባቴ ከወሎ ለፋብሪካ ሥራ ባሕር ዳር የመጣ ሰው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ ሆኖ ሲገኝ፣ «እንግዲህ የጽሕፈት መኪና ተማሪ፤ ፀሐይ የማይመታው እንጀራ ይሻልሻል» አለኝ። ተማርሁ። ማዘጋጃ ቤቱም በጸሐፊነት ቀጠረኝ። ወንበር ላይ መርጋት ግን አልሆነልኝም። ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ ሰው ቃል እስኪመርጥ ድረስ ተነሥቼ መስኮት ሥር እቆማለሁ። አስተዳዳሪው ሲታዘበኝ ከርሞ ኖሮ አንድ ቀን፣

«አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ውስጥ ጉንዳን አለ እንዴ?» አለኝ።

«ወንበሩ ውስጥ ነው ያለው» አልሁት።

በዚያው ሰሞን ወደ አትክልትና ዛፍ ክፍል አዛወረኝ። የቀጣኝ መስሎት ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ይርጋ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እርሻ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ክረምት ከበጋ ካኪ ኮት የማይለያቸው ሰው ናቸው። መጋዛቸውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘው ሲሄዱ፣ ለሚያያቸው ዳዊት የያዙ ደብተራ ይመስላሉ። በመጀመሪያው ቀን አንድ የደረቀ ግራር ፊት አቁመውኝ፣ «ምን ታያለሽ?» አሉኝ። ቀና ብዬ፣

«ቅጠል የለውም» አልሁ።

«ወዴት ነው የምታዪው? ዛፍ የሚታመመው ከእግሩ ነው። ታች እዪ!»

ተንበረከክሁ። ከግንዱ ዙሪያ አፈሩ ላይ ጨው ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ጓሮውን ለማስፋት የፈለገ ሰው የጨው ውኃ ሲያጠጣው ከርሞ፣ «ደርቆብኛልና ይፈቀድልኝ» ብሎ አመልክቶ ነበር። አቶ ይርጋ ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሡና ባለጓሮውን፣ «ጌታው፣ ይህ ዛፍ የሞተው በጥማት አይደለም፤ በግብዣ ነው» አሉት። ሰውየው ሳይወድ ሳቀ። ሲስቅ ተያዘ።

ደንባችን ባጭሩ እንዲህ ነበር። በከተማው ውስጥ፣ በመንገድም ይሁን በግቢ ያለ ትልቅ ዛፍ ያለ ክፍላችን ፈቃድ አይቆረጥም። ባሕር ዛፍ በቀላሉ ይፈቀዳል። ዋርካ፣ ሾላ፣ ዋንዛ፣ እንዲሁም የጣናን ዳርቻ ይዞ የቆመ ማንኛውም ዛፍ ግን በሰው ላይ አደጋ የሚያመጣ ካልሆነ በስተቀር አይነካም። የቆረጠ ይተክላል። መትከሉ ብቻ አይበቃም፤ የተከለው ችግኝ በጋውን ተሻግሮ ማቆጥቆጡን እኔ ሄጄ እስካላየሁ ድረስ ነፃ ወጣሁ አይልም። እናም ከተማው ዛፍ ላይ ያሰረውን ፍየልና በቅሎ፣ ሥሩ ላይ የደፋውን ትኩስ እጣቢ ሁሉ ከእኔ ለመደበቅ ይጣጣር ነበር። ሰፈር ውስጥ ስገባ ልጆች «ዛፏ መጣች!» ይሉ ነበር። ወላጆቻቸው ያኔ ፍየሉን ይፈቱታል።

አንዲት የመኮንን ሚስት በራቸው ላይ የቆመችው ጃካራንዳ እንድትነሣላቸው ፈለጉ።

«አበባዋን በረንዳዬ ላይ እያራገፈች ሠራተኛዬን ገደለቻት። ጠዋት መጥረግ፣ ማታ መጥረግ!»

«እመቤቴ፣ አበባ ጣልሽ ብለን ዛፍ የምንከስበት ደንብ የለንም» አልኋቸው። «መጥረጊያ ግን ቅዳሜ ገበያ ሞልቷል።»

መኮንኑ ክፍላችን ድረስ መጡ። እኔ የሚታሰር ሰው ፊት ይዤ ቆሜያለሁ። አቶ ይርጋ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው፤ ስለ ጃካራንዳ አመጣጥ፣ ስለ ሥሯ፣ ስለ ዕድሜዋ ሰውየው ማዛጋት እስኪጀምሩ ድረስ ተረኩላቸው። ሲሸኟቸው በር ላይ፣ «ልጅቷ ባለጌ ናት ጌታዬ፤ ደንቡ ግን ጨዋ ነው» አሏቸው። ዛፏ ቀረች። ባለጌ የሚለው ስምም እኔ ላይ ቀረ።

ከደሴቶቹ ገዳማት ለችግኝ የሚመጡ አንድ መሪጌታም ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ደን ከእኛ ደንብ ውጭ ነው፤ እኛ ሳንኖርም ቆሞ የኖረ ነው። ችግኛቸውን እስካስርላቸው ድረስ ይቀልዱብኛል።

«እኛ ዘንድ ዛፍ የቆረጠ ይገዘታል፤ እናንተ ዘንድ ይቀጣል። የቱ ይፈራል ትያለሽ?»

«የእናንተው ነዋ አባ።»

«እንግዲያማ ደንባችሁ ላይ ግዝት ጨምሩበት!»

ሥራውን የተማርሁት በእጄ ነው። ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ ከተጋዘ በራሱ ክብደት ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት እንደ በግ ቆዳ ይገፈዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሥር ትንሽ ይጋዛል። ቀጥሎ ከዚያ ወጣ ብሎ ከላይ ይጋዛል፤ ቅርንጫፉ ሲወርድ የተነጨው ቅርፊት ከሥር የተጋዘው ጋ ሲደርስ ይቆማል። መጨረሻ ላይ የቀረው ጉማጅ ይነሣል። ጉማጁ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት፣ እንደ ሰው አንገት አበጥ ያለ ቦታ አለ። «አንገቱን አትንኪ» ይሉኛል አቶ ይርጋ፤ «ቁስሉን የሚዘጋው እሱ ነው። አንገት የተቆረጠ አይድንም፤ ሰውም ዛፍም።» ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ዘመኑ እንደዚያ ነበር።

የችግኝ ጣቢያችን ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አጠገብ ነበር። ችግኞቹን ለተከላ ስናዘጋጅ ውኃ እንቀንስባቸዋለን። እንዳይቀብጡ ነው። መሬት ይበቃው እንደሆነ ለማወቅ አቶ ይርጋ የኮታቸውን እጅጌ ጠቅልለው ጉድጓዱ ውስጥ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ይከታሉ፤ ከሥር ጭብጥ አፈር አውጥተው ይጨምቁታል። እንደ ሊጥ ከተያያዘ ይተከላል፤ ከተበተነ ይጠበቃል። የዘመቻው ሕዝብ ግን አይጠብቅም። የተከላ ዘመቻ በታወጀ ዕለት ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ የሴቶች ማኅበሩ ባንዲራ ይዞ፣ እየዘፈነ ይመጣል፤ ችግኙን ከነፕላስቲክ ከረጢቱ ይቀብረዋል። በማግስቱ እኔና አቶ ይርጋ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞርን እያወጣን፣ ከረጢቱን እየቀደድን መልሰን እንተክላለን። «ዘፈኑ ሲያልቅ ሥራው ይጀምራል» ይሉ ነበር። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ሆኜ፣ ጥፍሬ ሥር አፈር ገብቶ፣ ዝናቡ ጀርባዬን እየመታኝ እንደዚያ ቀን የተደሰትሁበት ቀን የለም። ደመወዙ? ከጸሐፊነቱ ያነሰ ነበር። ተዉት።

እትዬ ትጓደድ ወደ ክፍላችን የመጡት በግንቦት ነው። ለሸማኔዎች እየፈተሉ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ቤታቸው ጣና ዳር፣ ድሮ የአንድ ነጋዴ በነበረ፣ የትርፍ ቤት አዋጁ ሲወጣ ወደ ቀበሌው በዞረ ግቢ ውስጥ፣ ለውኃው የምትቀርበዋ የመጨረሻዋ ክፍል ናት። ከክፍሏ ጎን ዋርካ አለ። እንደዚያ ያለ ዋርካ ሳያዩ ያደጉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ጥላው ሥር አንድ ሰርግ ቢደገስ ቦታ ይተርፋል።

«ጌታዬ» አሏቸው አቶ ይርጋን፤ «የዋርካው አንድ ክንድ ቤቴ ላይ ተዘርግቷል። ነፋስ ሲነካው ሲጢጥ ይላል፤ እንደ አሮጌ በር። አስቆርጡልኝ።»

«ዛፉን ነው ወይስ ቅርንጫፉን?»

«ዛፉንማ ምን በወጣኝ! ውዬ የምፈትለው ከሥሩ አይደል? ክንዱን ብቻ ነው እንጂ።»

ሄድን። አቶ ይርጋ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ተንበርክከው እግሩን አዩ። ከዚያ እኔ መሰላሉን ይዤላቸው ወጡ። ላይ ሆነው ብዙ ቆዩ። ሲወርዱ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«መጋጠሚያው ላይ ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ገብቷል» አሉኝ በቀስታ። «እንጨት ከእንጨት አልተያያዘም።»

«ይቆረጣል ማለት ነዋ» አልሁ።

እሳቸው የሚያዩት የግቢውን በር ነው። በሩ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ሙላት ቆሟል።

ጓድ ሙላት ክፉ ሰው አልነበረም። ልቡን የሳበው አንድ ሐሳብ ነበር፤ ዳርቻው ተገልጦ፣ ባሕሩ ከመንገድ እየታየ፣ ሠራተኛው ከነቤተሰቡ የሚዝናናበት፣ እንግዳ ሲመጣም የሚቀመጥበት ስፍራ እንዲሠራ። ለዚያ እንቅፋት የሆኑበት ዳርቻውን ይዘው የቆሙት ዋርካዎች ናቸው። ደጋግሞ ጠይቆን፣ አቶ ይርጋ ደንቡን እየጠቀሱ ደጋግመው ከልክለውታል።

«እንዴት ነው ጓድ ይርጋ? አደገኛ ነው?» አለ ወደ እኛ እየመጣ።

«ዛፉ ጤነኛ ነው።»

«እሳቸው እኮ ሊወድቅብኝ ነው እያሉ ነው። አደገኛ ከሆነ ደንባችሁም ይፈቅዳል። አደገኛ ነው ይበሉና ከግንዱ እናነሣዋለን። የጎረቤቶቹም እንደዚሁ በየተራ ይታያሉ።»

አቶ ይርጋ መጋዛቸውን ብብታቸው ሥር አጠበቁ።

«አደገኛ አላልሁም። ባላ እናቆምለታለን።»

እትዬ ትጓደድ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ባላ? ቤቴን በምርኩዝ ልታኖሩት?»

«ጠንካራ ባላ ነው የምናመጣው እትዬ።»

«ባሕሩስ? በመስከረም እስከዚህ ድረስ ይመጣ የለም እንዴ!» አሉና በእግራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«ከሥሩ ድንጋይ እናነጥፍበታለን።»

ስንመለስ ከኋላቸው ነበርሁ። ሮጥ ብዬ ደረስሁባቸው።

«ፈርተው ነው» አልኋቸው።

«አዎ፣ ፈርቼ ነው። ‹አደገኛ› የምትለዋን ቃል ነው ከአፌ የሚጠብቁት። ዛሬ ለቅርንጫፉ ካልኋት ነገ ለግንዱ ትሆናለች፤ ከነገ ወዲያ ዳርቻው መላጣ ነው።»

«የእትዬ ትጓደድ ቤትስ?»

«ባላው ይይዘዋል።»

ከዘንዘልማ በኩል ከመጣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ጫፉ ሁለት የሆነ ወፍራም ግንድ መርጠን አቆምን። የግንቦት መሬት ዶማ ይመልሳል። ዝርግ ድንጋይ ከሥሩ አስተኛን፤ ባላውን በመዶሻ እየመታን አስገብተን ቅርንጫፉን ቀና አደረግነው። ሥራው ያምር ነበር፤ አልዋሽም። ሲጢጥታው ቆመ። እትዬ ትጓደድም ቀስ በቀስ ለመዱት፤ የባዘቶ ቅርጫታቸውን ባላው ላይ ሰቅለው ይፈትሉ ጀመር። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ፣ «ለዚያ ሽማግሌ ምርቃቴን ንገሪልኝ፤ ዘንድሮ እንቅልፍ ተኛሁ» አሉኝ። ነገርኋቸው። አቶ ይርጋ እንደ ልጅ ፈገግ አሉ።

ክረምቱ ገባ። ክረምት ለክፍላችን የተከላ ወቅት ነው፤ ከጭቃ ወደ ጭቃ ነው። ዝናቡ ሲያባራ፣ መስቀል ሲያልፍ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ጥበቃ እየሮጠ ቢሮ ገባ።

«ዋርካው ሴትዮዋ ላይ ወደቀ!»

ነፋስ አልነበረም። ጣና እንደ መስተዋት ተኝቶ ነበር። ሮጠን ስንደርስ ቅርንጫፉ የክፍሏን ቆርቆሮ ተጭኖ ግቢው ላይ ተዘርግቷል፤ የተሰበረበት ወተቱን ያንጠባጥባል። እትዬ ትጓደድ ቤት ውስጥ አልነበሩም፤ ጥላው ሥር ሲፈትሉ ነበር የደረሰባቸው። ጎረቤቶች ግድግዳ አስደግፈዋቸው፣ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ አኑረውት ተቀምጠዋል። አቶ ይርጋን ሲያዩ አልጮኹም።

«ነግሬዎት ነበር» አሉ።

አቶ ይርጋ ባላው ወደ ቆመበት ሄዱ። ውኃው እስከዚያ መጥቶ አፈሩን አልሞታል፤ ድንጋያችን በአንድ ጎኑ ሰምጧል፤ ባላው ተንሸራቷል። ክረምቱን ሙሉ ቅጠል ሲጨምር የከረመው ቅርንጫፍ ደግሞ ባላው ላይ ተኝቶ ራሱን መሸከም ረስቷል። ዛፍ የሚታመመው ከእግሩ ነው ሲሉ የኖሩት ሰው የባላውን እግር እያዩ ቆሙ። ኋላ ተንበረከኩ፤ ኮታቸው ጭቃ ነካ።

ወጌሻው እጃቸውን አሰረላቸው። አጥንቱ ገጠመ፤ ጣቶቹ ግን እንዝርት ማሾር እምቢ አሉ። ለፈታይ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ሙላት እንዲፎክር ጠብቄ ነበር። አልፎከረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጓዶች፣ ዛፍ ጥሩ ነገር ነው። ሰው ግን ይበልጣል» ብሎ ተቀመጠ። እውነቱን ነው። ያሳመመኝም እውነቱን መሆኑ ነው። ዋርካው ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀበሌ ዳርቻውን ይዘው የቆሙት ሁሉ እንዲነሡ ተወሰነ። አቶ ይርጋ እንዲናገሩ ሲጠየቁ ተነሥተው፣ «ዋርካውን ራሴ ላውርደው፤ ሌላ ሰው ቤት ላይ ይጥለዋል» አሉ። ለሌሎቹ ዛፎች አንድ ቃል አልተነፈሱላቸውም።

ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ አልቻልሁም።

«ለሌሎቹ ለምን አልተሟገቱም? እነሱ ምን አደረጉ?»

«በምን አፌ?» አሉ። ትንሽ ሄደው ደግሞ ቆሙ። «ብርቄ፣ እኔ ግቢው ስገባ ያየሁት በሩ ላይ የቆመውን ሰው ነው። አጠገቤ የቆመችውን ሴት ሳላያት ወጣሁ። ደንቡ ለእሷ ነበር እኮ። ‹በሰው ላይ አደጋ ካልሆነ› ይላል። ሰው ነበረች።»

ዋርካው ሲወርድ ገመድ የያዝሁት እኔ ነኝ። አቶ ይርጋ ከጫፍ ጀምረው፣ ክንድ በክንድ እያነሡ ወደ ግንዱ ወረዱ። ወፎቹ መጀመሪያ ላይ ይጮሁ ነበር፤ ኋላ ባሕሩ ላይ ወዳሉት ታንኳዎች ሄዱ። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ እንደ ደንቡ አስቀድመው ከሥር ይጋዙታል፤ ቅርፊቱ እንዳይገፈፍ። አላስችል አለኝ።

«አቶ ይርጋ፣ ሊሞት ነው እኮ! ለሚሞት ዛፍ ቅርፊቱ ምን ያደርግለታል?»

«ለእሱ አይደለም» አሉኝ ከላይ። «ገመዱን ሳቢ።»

ብዙም ሳይቆይ ክፍላችን ከጽዳት ጋር ተቀላቀለ። ደንቡ የተሻረ አይመስለኝም፤ የሚጠይቅበት ሰው አጣ እንጂ። አቶ ይርጋ ወደ ሩቅ የመንግሥት እርሻ ተዛወሩ። በሄዱበት ቀን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። መጋዙን ከነነጠላው ብብታቸው ሥር እንደያዙ ነበር። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። አውቶቡሱ ሲነሣ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ልጅ ብርቄ፣ ወንበር ላይ ተቀመጪ ቢሉሽ እሺ እንዳትይ!» ብለው ጮኹ። እኔ ግን እሺ አልሁ። ይኸው ተቀምጫለሁ። ሌላ ምን ነበረኝ?

ምን እንደሚናፍቀኝ ሰው ቢጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ መጥራት አልችልም። መሰላሉ ላይ ሰው ሲወጣ እጄ ላይ የሚመጣው ንዝረት ይናፍቀኛል። አዲስ የተጋዘ እንጨት ሽታ ይናፍቀኛል፤ ወይራ እንዴት እንደሚሸት፣ ዋንዛ እንዴት እንደሚሸት ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ፤ ለስኳር ይህ ምን ይጠቅማል? በየበሩ የምጣላው ጠብ እንኳ ይናፍቀኛል። እዚህ መራዊ አንድ ባለሱቅ ዋንዛ ላይ ምስማር መትቶ ማስታወቂያ ሰቅሎ አይቼ ነቀልሁበት። «ምን አገባሽ?» አለኝ። ቆም ብዬ ሳስበው ለካ ምንም አያገባኝም። ያን ዕለት ወደ ቤቴ በሌላ መንገድ ተመለስሁ።

በዚህ በጋ ለሱቃችን ስኳር ለመረከብ ከጭነት መኪናው ጋር ባሕር ዳር ተላክሁ። መጋዘኑ ጋ ሰልፍ ነበር፤ ሹፌሩ መኪናው ሥር ጥላ ይዞ ተኛ። እግሬ ወደ ጣና ዳር ወሰደኝ። ልሂድ አልሂድ ብዬ አልተማከርሁም።

ከመንገዱ ጀምሮ ባሕሩ ይታያል። ጓድ ሙላት ያለው ሁሉ ሆኗል፤ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ በዚያ ሐሩር ማንም አልተቀመጠባቸውም። የእትዬ ትጓደድ ክፍል አዲስ ቆርቆሮ ለብሳለች። ግቢው ውስጥ ሰሌን ተነጥፎ፣ ከዳር እስከ ዳር በርበሬ ተሰጥቶ፣ ምድሩ ቀልቷል። እትዬ ትጓደድ በግራ እጃቸው በርበሬውን ያገላብጣሉ።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ብርቄ ነኝ፤ ከዛፍ ክፍል።»

ፊታቸውን በእጃቸው ከፀሐይ ከልለው አዩኝ። «ያቺ መሰላል ያዥ? ከሳሽሳ! ነይ፣ ግቢ።»

«እጅዎ እንዴት ሆነ?»

አሳዩኝ። ጣቶቹ እንደ ታጠፉ ቀርተዋል። «በርበሬ ማገላበጥ አላቃተውም። ለሰው አሰጣለሁ፤ አስቀንጥሼ አስረክባለሁ። ጥላው በፈትል አኖረኝ፤ ፀሐዩ በበርበሬ ያኖረኛል። እንቅልፍም አለኝ፤ ክረምት መጣ ብዬ ቀና አልልም።»

«ዋርካው አይናፍቅዎትም?» አልሁ። ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ አፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ።

አልተቆጡም። «ዛፉማ አይናፍቀኝም። ወድቆብኛል እኮ! ጥላው ነው የሚናፍቀኝ።» በርበሬውን ገልበጥ አድርገው ደግሞ፣ «ሽማግሌውስ?» አሉ።

«ሩቅ ተዛወሩ። አልሰማሁም።»

«ብታገኚያቸው ሳልረግማቸው እንደቀረሁ ንገሪልኝ። ልረግም ነበር፤ መሬት ላይ ተንበርክከው ያን ድንጋይ ሲዳብሱ አየኋቸውና ተውሁት።»

ግቢውን አየሁ። በርበሬው ሁሉን ቦታ ይዟል፤ ከጉቶው ወዲህ ግን፣ ባላው ቆሞ በነበረበት በኩል፣ በሰሌኖቹ መካከል አንድ ባዶ ቦታ ቀርቷል፤ ከግቢው ሁሉ ፀሐይ የበረታበት ቦታ። መካከሉ ላይ ትንሽ ባለሦስት እግር የእንጨት ዱካ አለ።

«እዚያስ ለምን አላሰጡም? ጥሩ ፀሐይ አለው።»

«እዚያማ መቀመጫዬ ነው» አሉ፤ ይህንንም ሳታውቂ ነው ወይ በሚል ዓይን እያዩኝ። «ከሥራ ሳርፍ የት ልቀመጥ ኖሯል?»

ሄደው ዱካቸው ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ሳቡ፤ በግራ እጃቸው አጠገባቸው ያለውን መሬት መታ መታ አደረጉልኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰሌኖቹን ተሻግሬ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።